ሳህኑ አገጭ እስኪደርስ

እማማ ፉሚኤ ኦሳካ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲለቅሙ የኖሩ፣ ያሰቡትን ከመናገር የማይመለሱ ሴት ናቸው። የወሩ መጨረሻ እሑድ ከሆነ ደግሞ ዝናብም ሆነ ሕመም አያስቀራቸውም፤ ቤተሰቡን ሰብስበው ሱሺው፣ ማለትም ሩዝ ላይ የተደረገው ጥሬ ዓሣ፣ በየሳህኑ እየዞረ በተመጋቢው ፊት ለፊት ወደሚያልፍበት ርካሽ ምግብ ቤት ይሄዳሉ። ሕጉን ያወጡት ሟቹ ባላቸው ቶኩጂ ነበሩ፤ የተበላበት ሳህን ተቆልሎ የትንሹ ልጅ አገጭ ሳይደርስ ከመቀመጫው የሚነሳ የለም። ያኔ ትንሹ ልጃቸው ሹሄይ ታዲያ ሊነሱ ሲሉ አንገቱን ወደ ላይ ይመዝና «ገና ነው!» ይል ነበር። አባትየውም እንዳላዩ ሆነው ሌላ ሳህን ያነሱ ነበር።

ያ ሹሄይ አድጎ የክፍል ኃላፊ ሆነና ያ ርካሽ ቤት ይጎረብጠው ጀመር። ለእናቱ ሰባ ሰባተኛ ልደት፣ ባለሙያው ፊት ለፊት ቆሞ አንድ በአንድ እየሠራ ወደሚያቀርብበት ውድ ቤት ወሰዳቸው።

«ከእንግዲህ እሑዳችን እዚህ ነው» አለ። «ያንን ቤት እርሺው። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

የእማማ ፉሚኤ ደም ፈላ። የቀረበላቸውን በሉና፣ ልማድ ሆኖባቸው ባዶዎቹን ትንንሽ ሳህኖች አንዱን ባንዱ ላይ ጫኑ። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ አወረደቻቸው። እሳቸው መልሰው ጫኑ።

«እማዬ፣ በናትሽ!» አለ ሹሄይ በሹክሹክታ። «እዚህ ሳህን አይቆለልም፤ አታዋርጂኝ!»

«አዋረድኩህ? አንተን ያሳደገህ እኮ ያ ቁልል ነው! አባትህ እጁ በማሽን ዘይት ጠቁሮ እዚያ ሲገባ አንድ ቀን አንገቱን አልደፋም። ቤቱ ነው እንጂ ርካሹ፣ እኛ ርካሽ አይደለንም!» ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ልጃቸው ሚስት ዞሩ። «ካናኮ፣ አንቺ ጠግበሻል?»

ካናኮ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ኧረ እማማ፣ አፌን እንኳ አላሟሸሁም!»

ሹሄይ ከፍሎ እስኪወጣ ሁለቱ መንገዱን ጀምረውት ነበር። እያጉረመረመ ተከተላቸው፤ የድሮው ቤት ገብተውም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። እማማ ፉሚኤ ለኩርፊያው ደንታም አልነበራቸው። ቱናውን፣ ሰርዲኑን፣ ዕንቁላሉን እያነሱ ፊቱ ደቀኑለት።

«አኩርፍ! ግን እየበላህ አኩርፍ!»

መጀመሪያ አንዷን ቀመሰ። ከዚያ እጁ ራሱ ሳህን ማንሳት ጀመረ። ቁልሉ እያደገ ሄደና እንዳይወድቅ ካናኮ በሁለት እጇ ደገፈችው።

እማማ ፉሚኤ ዘንበል ብለው ለኩ። ቁልሉ ያቀረቀረው ልጃቸው አገጭ ጋ ደርሷል።

«ይኸው ደረሰ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም። «የአባትህ ሕግ ነው፣ እንነሳ። አንተ ካፈርክ ከእንግዲህ ብቻዬን እመጣለሁ። መምጣቱንስ አልተውም!»

ሹሄይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጀርባውን አቀናና፣ ያንን የሃምሳ ዓመት አንገቱን ወደ ላይ መዘዘው።

«የት ደረሰ?» አለ። «ገና ነው እኮ!»