አልነሣም ያልኩበት ቀን

ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት የገባሁት በወንድሜ ፋንታ ነው። ወንድሜ ለአዲሱ ግብር መሬት ሊለኩ የመጡ ቀያሾችን መሣሪያ ሰብሮ ጫካ ገባ። ወታደሮች ደምበጫ ድረስ መጥተው እኔን ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ወሰዱኝ። የእጄን የጠመኔ ብናኝ እንኳ እንድታጠብ አልፈቀዱልኝም። «ወንድምህ እጁን ሲሰጥ አንተ ትወጣለህ» አለኝ ሻምበሉ፣ ስለ ዘብ ተራ የሚያወራ ይመስል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር የጭቃ ግድግዳው ውሃ ያወጣል፤ ሽታው ገና በሩ ሳይከፈት ይቀበልሃል። እዚያ ሰው ብቻውን አይታሰርም ነበር። በአንድ እግረ ሙቅ ሁለት ሰው ይቆራኛል። የእኔ ቀኝ እግር ሮብ ገበያ ከሚባል አገር ከመጣ ገበሬ ግራ እግር ጋር ተያያዘ። እሱም ቀያሾችን መንደሬ አላስገባም ብሎ ነው የመጣው። እኔ ካልተነሣሁ እሱ አይነሣም፤ እሱ ካልተኛ እኔ አልተኛም። የታሰርኩበትን ምክንያት ስነግረው መሬቱን በጡጫ መታ።

«ወንድም ባጠፋ ወንድም? ምን ዓይነት ግፍ ነው ይሄ!»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደድኩት።

ቀኑን ለመግፋት እናወራ ነበር፤ ማለቴ እኔ አወራ ነበር። አስተማሪ ምን ይደረግ፣ ሰሌዳ ቢነጠቅም አፉ አይዘጋም። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ የተማርኩትን፣ ደግና ክፉ የሚባለው እንደየአገሩ መሆኑን፣ አንዱ ዘንድ ነውር የሆነው ሌላው ዘንድ ክብር እንደሚሆን አስረዳሁት። አዋቂ መምሰል ደስ ይላል። እሱም አገጩን እያሻሸ ሰማኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘበኞች አንድ በሽተኛ በቃሬዛ አምጥተው ከፊት ለፊታችን፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ አስተኙት። ተስቦ ነው፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። አይሮጥም ብለው ከማንም ጋር አላቆራኙትም። የቀሩትን የክፍሉን እስረኞች ድንጋይ ሊያሸክሙ አወጧቸው። የእኛ ጉዳይ ገና ስላልታየ ለሥራ አንወጣም ነበርና በሩ በሦስታችን ላይ ተቆለፈ።

ባልንጀራዬ በሽተኛውን ትክ ብሎ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ተነሥ፣ አስተማሪ።»

«ወዴት?»

«እዚያ። ወንድሜን የገደለው የዚህ ወንድም ነው። በድንበር ጠብ።»

«እሱስ ምን አደረገ?»

«ምንም። ደማቸው ግን አንድ ነው። ተነሥ!»

እጆቹን አየኋቸው። መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር። ዘበኛ ብጠራ ጣራውን በሚደበድበው ዝናብ ማን ይሰማኛል? እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ሕግ አለ አልኩት፤ «አንተን ያሰረህ ሕግ?» አለኝ። እግዚአብሔር አለ አልኩት፤ «ንስሐዬን እገባለሁ» አለኝ። ከዚያም የገዛ ትምህርቴን አመጣብኝ።

«ደግና ክፉ እንደየአገሩ ነው ብለኸኛል። በእኔ አገር ደም ያልመለሰ ሰው አይደለም። ምን ትለኛለህ?»

በሽተኛው ዓይኑን ገለጠ። ሁሉንም ሰምቷል።

«ጋሼ፣ አይከራከሩት» አለኝ በቀጭን ድምፅ። «እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልምርም።»

ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። ገዳይና ሟች ከተስማሙ እኔ በየት በኩል ልግባ? ባልንጀራዬ ተነሥቶ ሲጎትተኝ ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን ላጠው። መሬቱን በሁለት እጄ እየቧጠጥኩ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«እኔን በወንድሜ ፋንታ ሲያስሩኝ ግፍ ነው አላልክም? በየትኛው አገር ነው ግፍ የሆነው? በሻምበሉ ዘንድ እኮ ደንብ ነው!»

መጎተቱን ተወ። «ያ ሌላ ነው» አለ።

«ልዩነቱን ንገረኝና እነሣለሁ።»

በሽተኛውን አየ፣ መልሶ የታሰረ እግሬን አየ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ።

«የለውም» አለ። «ልዩነት የለውም።»

ደስ ሊለኝ ሲል ፊቱን አየሁት፤ ያለቅስ ነበር።

«እናቴስ? የልጄን ደም ሳትመልስ ደጄን እንዳትረግጥ ብላኛለች። ይሄን ያልከውን ለእሷ ማን ያስረዳታል? እጄን አላምነውም፣ አስተማሪ። ተነሥ ብልህ እንዳትነሣ። ብመታህም እንዳትነሣ።»

ቀኑን ሙሉ አልተነሣሁም። መታኝ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ መልሶ መታኝ። ባልዲው በበሽተኛው ራስጌ ስለነበር ወደዚያ መሄድ አልደፈርንም። በተቀመጥንበት ሸናን፤ እኔ የሰው ልጆች የማስተምር፣ እሱ በአገሩ የተከበረ ጨዋ። እንዳንተያይ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። አመሻሽ ላይ ዘበኞች መጥተው በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። እኛን አፍንጫቸውን ይዘው ሰደቡን።

በሳምንቱ መሞቱን ሰማን። ተስቦው አልማረውም። ባልንጀራዬ ጋቢውን አውልቆ ዘቅዝቆ ለበሰ፣ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው እንደሚለብሰው።

«አብረኸኝ ትቀመጣለህ?» አለኝ።

በአንድ ብረት ታስረን የት ልሄድ ነው? እሱ ግን እንደ ነፃ ሰው ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ነፃ ሰው እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆቼ ደግና ክፉ በምክንያት ይረጋገጣል ወይስ ልማድ ብቻ ነው እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ እዚያ ጭቃ ላይ አግኝቼዋለሁ። የማላውቀው ባልንጀራዬ ተፈትቶ አገሩ ሲገባ ለእናቱ ምን ብሎ እንደነገራት ነው። በሩን ከፍታለት እንደሆነም አላውቅም።