ገመዱን ለማን ሰጠ

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ዓለሙ ከጓሮ ተጣራ። ከቤታችን ጀርባ ካለው ትልቅ ዋንዛ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ተነስቷል። ሁልጊዜ ገመድ የሚይዙለት ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሌ ግን ለለቅሶ ቢታ ገነት ሄደዋል። «ነይ እስቲ፣ ገመዱን ያዢልኝ» አለኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። ልጆች ወልደን እስክንድር ድረስ ይህን ብሎኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ወጣትነታችን፣ ወደ ዛንዚባር መመለስ አለብኝ፤ መመለሱን ደግሞ አልወደውም።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ በአንድ የማርና የቅመም ፕሮጀክት እንሠራ ነበር። ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሲል ጥቂቶቻችንን ጉዞ ላኩን። በወረቀት «የልምድ ልውውጥ» ይባላል፣ በልባችን ግን ሽርሽር ነበር። መጀመሪያ የቅመም ደሴቷ ዛንዚባር፣ ስንመለስ አዲስ አበባ፣ መጨረሻ ላይ የባሌ ደጋ። እኔ የዋጫ ከተማ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ከጅማ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ዓለሙ የንብ አናቢ ልጅ ነው። ከጉዞው ስንመለስ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተናል፤ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። አብራን የሄደችው ሰላማዊት ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ ዋና ትችላለች፣ ሳቋ ቅርብ ነው፣ ያላትን ታካፍላለች። ክፉ ብትሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

ደሴቲቱ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ በወበቅ ተቀበለችን። መንገድ ዳር ቅርንፉድ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ አየሩ ሁሉ እሱን እሱን ይላል። እኛ ቡና እንደምናሰጣው ማለት ነው። ሩዝ በኮኮናት ወተት አበሉን፤ ሌላው ሁሉ ሲያመሰግን የእኔ ሆድ ቆጮ አማረው። ባሕሩ ዳር ሰላማዊት ዓለሙን ዋና ልታስተምር ገባች። እኔ ጫማዬን ይዤ አሸዋው ላይ ቆምኩ። «ነይ እንጂ» ሲሉኝ «ፀሐዩ ይሻለኛል» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በማግስቱ አንድ የአገሩ ልጅ የኮኮናት ዛፍ ላይ እየዘፈነ ወጥቶ ፍሬ ይዞልን ወረደ። ዓለሙ አላስችል አለው። «የኛ ዋንዛ ይቺን ያስንቃል» አለና ገመድ ለመነ። በእኛ አገር ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ ይጥላል፤ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ያስራል፣ ሌላውን ከታች ለቆመ ሰው ይሰጣል። ገመዱን የሚይዘው ሰው ነፍስ እንደያዘ ነው፤ ይህን ካፋ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። ዓለሙ ገመዱን ሲወረውር እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ዘርግቻለሁ። እሱ ግን በእኔ አሻግሮ «ሰላማዊት፣ ያዢልኝ» አለ።

የተዘረጋ እጅ ምን ይደረጋል? ፀጉሬን አስተካከልኩበት።

የኮኮናት ዛፍ ቅርንጫፍ የለውም፤ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። ያገሬ ልጅ ዓለሙ ይህን ያወቀው ቅጠሉ ተገንጥሎ አብሮት ሲወርድ ነው። ደግነቱ ገና ብዙም አልወጣም፤ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። ሰላማዊት ገመዱን እንደያዘች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ከዚያ እጁን ይዛ አነሳችው፣ ጀርባውንም አራገፈችለት። መውደቁ አላሳዘነኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ብያለሁ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሰላማዊት ሁላችንንም ቤተሰቦቿ ቤት ጋበዘችን። እናቷ «ብላ ልጄ» እያሉ ለዓለሙ ወጥ ደጋገሙለት። ለሌላውም ደጋግመዋል፤ ለእኔም ጭምር። እኔ ግን የቆጠርኩት የእሱን ጭልፋ ነው። አማች ያገኙ መሰለኝ። የከተማው መብራት፣ ፎቁ፣ ኬኩ፣ ምኑም ትዝ አይለኝም፤ ቅናት ይዞኝ ከተማውን ሳላየው ወጣሁ።

ባሌ ላይ ጉሙ ፊታችን ድረስ ወርዶ ነበር። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መኪናው ቆሞ ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ ዓለሙ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። አልተቀበልኩትም።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አልኩት።

«ምነው?»

«ገመድ ለያዘችልህ ላክ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሊስቅ አለና ፊቴን አይቶ ተወው።

«አባዬ ለእማዬ ገመድ ሰጥቷት አያውቅም» አለ። «የሚወድህ ሰው፣ እግርህ የተንሸራተተ ለታ ዓይኑን ሊሸፍን ገመዱን ይለቃል ይላል። ለዚህ ነው ለጎረቤት የሚሰጠው።»

«ሰላማዊትስ?»

«እሷማ ሳቀች፤ አየሻት አይደል? ገመዱን ግን አልለቀቀችም።»

ጃኬቱን ተቀበልኩ። ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ተጋባን። ሠርጋችን ላይ ከሁሉ በላይ የጨፈረችው ሰላማዊት ነበረች፤ እሱንም አልወደድኩላትም።

እንግዲህ ዛሬ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ገመዱ እኔ እጅ ገባ። ሲወጣ ከሥር እያየሁ አሰብኩ፤ ፍቅሬ አለቀ ብሎ ይሆን የሰጠኝ? ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ግንዱን ያለበሰው እርጥብ የዛፍ ሽበት ላይ እግሩ አዳለጠው፤ ገመዱ ተወጠረ፣ መዳፌን አቃጠለው። አልለቀቅሁም። ዓይኔንም አልጨፈንኩም። ለካ መውደድም እያየ መያዝ ይችላል።

ወርዶ ላቡን ጠረገና መዳፌን ገልብጦ አየው። «ያኔም ላንቺ መስጠት ነበረብኝ» አለ። «የሰላማዊት እጅ ላብ በላብ ነበር።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስሟን ግን እኔ አላነሳሁም። እጇ ላብ እንደነበረው እስከ ዛሬ ያስታውሳል።