መቅደስ ውስጥ የነሰረኝ ቀን

እኔን ሲያስነጥሰኝ አንዴ አይበቃኝም። ሰባት ስምንት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል፤ ዓይኔ ይቀላል፣ አፍንጫዬ ይዘጋል። በተለይ ጤፉ ታጭዶ ውቂያ ሲጀመር፣ እብቁ በነፋስ ሲነሣ ሰው አልሆንም። እያረስኩ ለምኖረው ይህ ብዙም ችግር አልነበረም፤ አውድማ ላይ ማንም ቢያስነጥስ ግድ የሚሰጠው የለም። ግን ቄስም ነኝ። ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። መንበሩ ፊት ቆሜ ሊያስነጥሰኝ ሲል ትንፋሼን ውጬ፣ ከንፈሬን ነክሼ እይዘዋለሁ። አንዳንዴ አፍንጫዬን ስጠብቅ ቅዳሴው ያልቃል።

ደብረ ማርቆስ ሄጄ እንድመረመር የወተወተችኝ ባለቤቴ ናት። ክሊኒክ የመረመረችኝ ሐኪም በልጄ ዕድሜ ያለች ወጣት ነበረች። በባትሪ አፍንጫዬን አየችና፣

“አለርጂ ነው፣ መምሬ። አቧራውና እብቁ ነው የሚነሣብዎት” አለችኝ።

የሰጠችኝ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ነበር፤ ጫፉ የሾለ ትንሽ ነጭ ጠርሙስ። ስቴሮይድ እንዳለበት ስትነግረኝ ደነገጥኩ። እንዲያ የሚባል ኪኒን ሲውጥ ከርሞ ፊቱ ያበጠ ሰው አውቃለሁ።

“ያ የሚዋጠው ነው” አለች። “ይሄ በጣም ጥቂት ነው፤ የሚሠራውም እዚያው አፍንጫዎ ላይ ነው። ግን ዛሬ ነፍተው ዛሬ አይሻልዎትም። በየቀኑ እየወሰዱ አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሡ።”

አያያዙንም አሳይታኝ ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እኔም ልጄን የምታህል ሴት ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ። ገብቶኛል ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰድጄ ተጫንኩት። የሚመር ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ ወረደ። ወዲያው ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። በምቀድስበት ቀን ሳልቆርብ በጉሮሮዬ ምንም ማለፍ የለበትም። ስለዚህ የቅዳሴ ዕለት ጨርሶ ተውኩት፤ በማግስቱ ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ አድርጌ ነፋሁ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ማንም የለም፤ ከራሴ ያወጣሁት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ጠዋት ስናፈጥ መሐረቤ ላይ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ደረቁ ነፋስ ነው አልኩና ለማንም ሳልናገር ዋልኩ።

የነቢያት ጾም ስለነበር ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ ቀን ንፍቅ ሆኜ፣ ማለትም ዋናውን ቀዳሽ እየረዳሁ ቆሜያለሁ። ቀዳሹ ዜማ ያስተማሩኝ፣ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ጸሎቱ መካከል ላይ ሲደርስ የላይኛው ከንፈሬ ሞቀኝ። ንፍጥ መስሎኝ በእጄ ጀርባ ጠረግሁት። ቀይ ነው።

 ደም የሚፈስሰው ካህን መቅደስ ውስጥ አይቆምም። አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ወይም ልብሰ ተክህኖው ላይ ብትወድቅስ? መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫዬን አፈንኩ። መሐረቡ ቶሎ ራሰ። ሽማግሌው ንባባቸውን ሳያቋርጡ ቀና ብለው አዩኝ፤ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። እስከ መጋረጃው ያለው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ስወጣ ምእመናኑ ሁሉ ዞር ዞር አሉ። ደግነቱ ለጸሎት የመጡ፣ እህል ውሃ ያልቀመሱ ሌላ ካህን ነበሩና ለብሰው በእኔ ቦታ ገቡ።

ውጭ የነበሩት ሰዎች ከጽዱ ሥር አስቀምጠው ራሴን ወደ ኋላ ይዘው ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱብኝ። ደሙ በጉሮሮዬ ወረደ። ከውስጥ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማኛል፤ እኔ ያለሁት ውጭ ነው።

ካህን ቅዳሴ አቋርጦ ሲወጣ አገር ዝም አይልም። ምን በድሎ ይሆን ማለት ይመጣል። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኩርፋ ቆየች። በሦስተኛው ቀን እንስራዋን አስቀምጣ፣

“ምንጩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ” አለችኝ። ቀጥላም ዓይኔን ሳታይ፣ “መምሬ፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?”

ደሙ እንኳ እንዲህ አላመመኝም። ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። “ያለው ይኸው ነው” አልኳት። እሳት ውስጥ ልትጥለው ተነሣች። ልከለክላት አልፈለግሁም።

ያን ጊዜ መምህሬ፣ የዚያን ቀን ቀዳሹ አባት፣ ደረሱና ጠርሙሱ በእጇ እንዳለ ቀረ። ሊጠይቁኝ መጥተው ኖሯል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

“እጥፍ አድርግ ያለህ ማን ነው?” አሉኝ።

“ማንም።”

“ዜማ ስትስት እንደገና መምህርህ ፊት ቀርበህ እየደገምክ ትቀጽል አልነበር? እንግዲያስ ወደ ሐኪሟ ተመለስ። በየቀኑ ማታ፣ የመጨረሻውን እህል በምትቀምስበት ሰዓት ብታደርገው ይሆን እንደሆነ ጠይቃት። ለጾሙም መልስ ይሆንሃል።”

በማግስቱ ማርቆስ ሄድኩ። ሐኪሟ ሰምታኝ ስታበቃ፣ “እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ” አለችኝ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጠርሙሱን ስሰድደው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“መምሬ! የአፍንጫዎን መካከለኛ ግድግዳ እኮ ነው የሚመቱት!”

በሩን ዘግታ እንደ አዲስ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ተናፍጦ ጠርሙሱን መነቅነቅ፤ ራስን ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል፤ ለግራው አፍንጫ ቀኝ እጅ፣ ለቀኙ ግራ እጅ፤ ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ማዞር፤ አጥብቆ አለመሳብ። ቀን ቢያልፍ በእጥፍ አይካካስም። ሰዓቱ ማታ መሆኑን ወደደችው። ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ቀን እንዳቆም፣ ደሙ ከተመለሰም እንድመጣ ነገረችኝ። ሲነስር ራስን ወደ ኋላ መጣል ስሕተት መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። ለካ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል አሥር ደቂቃ ያህል ጭምቅ አድርጎ መያዝ ነው።

እንደገና መቅደስ የገባሁት የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። ዋዜማውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንበሩ ፊት ስቆም ከንፈሬ በላብ በሞቀ ቁጥር ደም ይመስለኛል። ውጭ ነፋስ አለ፤ ውቂያውም አላለቀም። አፍንጫዬን እስኪያሳክከኝ ጠበቅሁ። ማስነጠሱ አልመጣም። ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቅዳሴውን ቃል አንድ በአንድ ሰማሁት።

ሕዝቡ ሲበተን ከምንጩ ሴቶች አንዷ መስቀል ልትሳለም ቀረበች። ወሬው ከማን እንደተነሣ አውቃለሁ።

“መምሬ፣ የኔም ልጅ እንደርስዎ እያስነጠሳት ተቸግራለች” አለችኝ ጎንበስ ብላ። “ያችን መድኃኒት ትንሽ ቢሰጡኝ?”

“የእኔን አልሰጥሽም” አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። “ማክሰኞ ማርቆስ እሄዳለሁ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ አብረን ሄደን ትመርመር።”