የታሰረው ዘንባባ

ከከሰም ቆላ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ሌላው ሲሰደድ እናት አልቅሳ፣ መርቃ ትሸኛለች ይባላል። የኔዋ ሰሌኗን ትሠራለች። ለማያውቀው ልንገር፣ ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራ ምንጣፍ ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገችኝ በሱ ነው። «እማዬ፣ ተነሽ አብረን እንውጣ» ብላት፣ «ዘንባባ በማይበቅልበት አገር ሰው ምን ሆኖ ይኖራል?» አለችኝ፤ ዞር እንኳ አላለችም።

የወጣሁበትን ምክንያት አልደብቅም። ጣሊያን ጎረምሳ ያገኘ እንደሆነ ጭነት ያሸክማል፣ መንገድ ያስቆፍራል። አርበኛውም ቤቱ ተቀምጦ ለተገኘ ጎረምሳ ፊት አይሰጥም፤ እውነቱን ነው። እኔ ጠመንጃ የለኝም፣ አንድ ዓይኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አጥርቶ አያይም። የጎረቤቶቻችን ጎተራ ከነማሽላው ነዷል፤ የኛ ተራ መች እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ሸሸሁ። የፈለግሁት ግን ራሴን ብቻ ማዳን አልነበረም። ቀድሜ ቦታ ይዤ እናቴን ከዚያ እሳት ላወጣት ነው። ከዚያ በኋላ የሆንኩት ሁሉ ለዚህ ነበር።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ከምንጩ ዳር ቡቃያ ንቀል። የምትሄድበት ወስደህ ትከለው። ከጸደቀ ቅጠሉን ላክልኝ፤ አይቼ እመጣለሁ። ካልጸደቀ አንተም እዚያ አትጸድቅም፤ ተመለስ።»

ሁለት ቡቃያ ነቅዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አዝዬ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ መጀመሪያ ላቡ ጠፋ፣ ቀጥሎ ትንኙ ጠፋ፣ ቀጥሎ እንቅልፉ ጠፋ። ደገኛ ብርድ ይለዋል፤ እኔ በሽታ መስሎኝ ነበር። ከቤት የቋጠርኩት ቅቤ እንኳ ድንጋይ ሆኖ አላውቅህም አለኝ።

አዲስ አበባ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ጣሊያን ሹም ከነአስተርጓሚው ተቀምጧል። አስተርጓሚው አበሻ ነው፣ ኮት ለብሷል።

«ጥቅልሉ ውስጥ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዘንባባ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«መሣሪያ ነው?»

«እሾህ አለው።»

አስተርጓሚው ተነፈሰ። «ስማ ወንድሜ፣ እብድ ነው ብዬ ልንገርልህ፤ ለሁላችንም ይቀላል።»

ነገረው። ሹሙ ግን አልሳቀም። ቡቃያውን ገልጦ አየና ከጎኑ ካለው ወታደር ጋር ተነጋገረ። አስተርጓሚው ወደኔ ዞሮ፣ «ዕድለኛ ነህ። ልደታ የሚኖር ሌላ እብድ አለ አሉ፤ አትክልተኛ ይፈልጋል» አለኝ። ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት ያገኘሁት እንዲህ ነው፣ በእብደት።

ሌላው እብድ ሲኞር ጁሴፔ ይባላል፤ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ነው። ቤቱ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። የአንድ የሸሹ ባላባት ቤት ነው፣ ሲኞሩ ገባበት። ግቢውን የሞላው በዘንባባ ነው። ወታደር ወዳጆቹ ካሉበት ይልኩለታል፤ ከትሪፖሊ፣ ከምጽዋ፣ ከሞቃዲሾ፣ ከራሱም አገር። በቤንዚን ጣኒካ ተተክለው እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል።

ብርዱን ሁሉም እንደየአመሉ ተቀበለው። የሞቃዲሾው፣ ኮኮ የሚባለው፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካው ጠቁሮ ቀረ። የምጽዋው ሳይሞትም ሳያድግም ተቀመጠ፣ እንደ አኮረፈ እንግዳ። የትሪፖሊው ቅጠል አወጣ፣ ፍሬ ግን ወዴት አለ። ከሲኞሩ አገር የመጣው፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው፣ ብርድም አልመሰለው። ከሁሉ የበለጠው ግን ባላባቱ ድሮ ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የተከሉት ትልቁ ቴምር ነው። እሱ ልደታን አገሬ ብሏል። ዘንባባ ለመትከል የሚያስብ ካለ አንድ ነገር ልምከር። በብርድ አገር ማታ ውሃ አታጠጡት፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጆንያ አልብሱት። ከሰንጋ ተራ ፍግ እየተሸከምኩ ሥራቸው ላይ እቀብር ነበር፤ ፍግ ያሞቃል።

የማድረው ከሲኞሩ አጥር ጎን፣ እትዬ አስካለ ግቢ ነው። መበለት ናቸው፣ አፋቸው ሚጥሚጣ።

«ስንት ነፍስ ናችሁ?» አሉኝ መጀመሪያ ቀን።

«እኔና እነዚህ ቡቃያዎች።»

«እንግዲያ እነሱም ቦታ ይዘዋል። የነሱን ኪራይ አንተ ጓሮዬን በመቆፈር ትከፍላለህ፣ አንተ ቆለኛ።»

በኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ ውሃ ይሰጠዋል። ልደታ ቀድመው የሚጠይቁህ የማን ወገን እንደሆንክ ነው፤ ውሃው መልስህን ካሰቡበት በኋላ ይመጣል። አንዱ «ባንዳ» አለኝ። አትክልተኛ ነኝ አልኩት። «የማን አትክልተኛ?» አለኝ።

ከሁለቱ ቡቃያዎቼ አንዱን ውርጭ ወሰደው። ሁለተኛውን ከእትዬ አስካለ ማድ ቤት ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት፤ የምድጃው ሙቀት በጭቃው በኩል ይደርሰዋል። አልሞተም። ግን አያድግም። ያሲን የሚባል የጥጥና የበርበሬ ነጋዴ በከሰምና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለስ ነበር። በመጣ ቁጥር «እናትህ ጸደቀ ወይ ብላሃለች» ይለኛል። «ጠብቂ በላት» እለዋለሁ። እሷ ትጠብቃለች፣ እዚያ ጎጆ ይቃጠላል፣ እኔ አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር ላይ ቁጢጥ ብዬ አፈጣለሁ።

አንድ ቀን ሲኞሩ መሰላልና ገመድ አምጥቶ ትልቁን ቴምር እንዳስረው አዘዘኝ። ቅጠሉን ሁሉ ወደ ላይ ሰብስቤ፣ እንደ ነዶ አጥብቄ፣ በጆንያ ጠቅልዬ።

«ምን አጠፋ?» አልኩት።

ሳቀ። በተሰባበረ አማርኛ አስረዳኝ። አገሩ ጣሊያን፣ የባሕር ጠረፍ ነው። አባቱ ለሆሳዕና ዘንባባ እያሰረ ያነጣ ነበር። የታሰረው ቅጠል ውስጥ ውስጡን ያድጋል፣ ፀሐይ ስለማያገኘው አይለመልምም፣ እንደ ሻማ ይነጣል። ነጩን ጎንጉነው ቤተ ክርስቲያን ይዘው ይሄዳሉ። ይሄን ሲነግረኝ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እኔ እንዳልወድቅ ይሁን ራሱ እንዳይወድቅ አላወቅሁም።

ልደታ ግን ሌላ አወራ። «ጣሊያን ዛፍ ሳይቀር አሰረ» ተባለ። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሁሉ ቀና እያለ ያየዋል። አንዱ «ምን አድርጎ ነው?» ሲል ሌላው «መሣሪያ ደብቆ» ይለዋል። እትዬ አስካለማ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እግዜር ያስፈታህ» ይሉት ነበር፣ ዛፉን።

የዚያ ዓመት የነሱ ሆሳዕና ከኛ አንድ ሳምንት ቀደመ። ሲኞሩ ፈታው። ውስጡ እውነትም ነጭ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የፈለገውን ቆርጦ ጎነጎነ፣ የተረፈውን «ላንተ» ብሎ ሰጠኝ። ለኛ ሆሳዕና ደግሞ መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ከቆላ ዘንባባ አልወጣም። ስለዚህ ነጩን ለእትዬ አስካለ አስረከብኳቸው፣ እሳቸው ቀለበትና የግንባር ማሰሪያ እየሠሩ ለሰፈሩ አደሉት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ መሪጌታ አስቆሟቸው። «ይሄ የካቶሊክ ዘንባባ ነው አሉ፣ ወይዘሮ።»

«ዛፉ የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው» አሏቸው። «የበቀለው በኢትዮጵያ መሬት ነው፣ ያጠጣው ይሄ ቆለኛ ነው። ጣሊያኑ ማሰሩን ነው ያሰረው።»

መሪጌታው ትንሽ አሰቡና ለራሳቸውም አንድ ቀለበት ወሰዱ። የዚያን ቀን ልደታ ሰው ሁሉ በግንባሩ ነጭ ዘንባባ አስሮ ዋለ።

እኔ ያኔ ያላወቅሁት ነገር እትዬ አስካለ አንዱን ቀለበት ለእናቴ መላካቸውን ነው። መንገዱ ሲከፈት ለያሲን ሰጥተው፣ «ዘንባባው ጸድቋል፣ ነይ በላት» ብለውታል። አዝነውልኝ ነው። በየማታው የማወራው ስለሷ ስለሆነ ጆሯቸውም ደክሞት ይሆናል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ቡቃያውን ውሃ እያጠጣሁ ሳለ አንዲት ሴት በእትዬ አስካለ በር ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በጀርባዋ ትልቅ አቁማዳ አለ። እኔን አላየችኝም፤ ለእትዬ አስካለ ነው የምትነግራቸው። «እስር ቤት ሄጄ የለም አሉኝ፤ በሁለቱም በር ጠየቅሁ። ገድለውት ከሆነ ንገሩኝ፤ አልጮህም።»

«ማንን?» አሏት።

«ልጄን።»

ጣኒካው ከእጄ ወደቀ። ዞር አለች። እጅና እግሬን አየችና፣ «አልታሰርክም?» አለችኝ።

«አልታሰርኩም፣ እማዬ።»

«ቅጠሉስ?»

«የምን ቅጠል?»

ከጉያዋ ቀለበቱን አወጣች። «ይሄ ለጋ አይደለም፤ የጎለመሰ ቅጠል ነው። ግን ፀሐይ አላየም። ያሲን ደህና ነው ቢለኝም አላመንኩትም። ልጄ ጨለማ ቤት ተቆልፎበት፣ እዚያው ተክሎ፣ እንዳልደነግጥ ጸድቋል ብሎ ላከብኝ ብዬ...»

እጇን ይዤ ወደ አጥሩ ወሰድኳት፣ ትልቁን ቴምር አሳየኋት። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ገና ምልክት አለው። «ይሄ ነው የታሰረው» አልኳት። ቀና ብላ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደተሻገረ አላወቅሁም። አቁማዳው ለእስረኛ የሚሆን በሶና ቆሎ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በላነው።

ስንት ጊዜ ተመኝቼ ያልሆነልኝ እንዲህ ሆነ። እናቴ ልደታ ገባች። እኔ አበቃ፣ አወጣኋት ብዬ ነበር።

ብርዱ ግን ደረቷን ያዘው። ትስላለች፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለው ሰሌኑን ትጀምርና ትተወዋለች። ሽሮውን «ሲቀርብ ይፈላል፣ ሲጎረስ በርዷል» ትላለች። ሰዉ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን አልወደደችውም፤ በኛ አገር ከወንዝ ማዶ ነው የሚወራው። አንድ ቀን ሲኞሩ አጥሩ ጋ ሲመጣ ባርኔጣውን አወለቀላት።

«እናት አለችህ?» አለችው። አስተረጎምኩ።

«አለች። አገሬ፣ ባሕሩ ጠረፍ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ ነው» አለ።

«አገርህ ሥራ የለም? የሰው አገር መጥተህ ዛፍ ከማሰር እናትህን አትጦርም?»

ይሄን ግማሹን ዋጥኩት። ያስተረጎምኩለት ግን ገብቶታል መሰለኝ፤ ያጠጣሁትን እንደገና ሊያጠጣ ሄደ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ያሲን ሲወርድ፣ እናቴ አቁማዳዋን አጣጠፈች። ተለማመጥኳት። እትዬ አስካለም ለመኗት፣ «ማድ ቤቱን ላንቺ እለቃለሁ፣ ምድጃው ሥር ትተኛለሽ» አሏት። ከግድግዳው ሥር ያለውን ቡቃያ ጎንበስ ብላ ዳበሰችው። ሦስተኛ ቅጠል ጀምሯል።

«ይሄ ይለምዳል» አለች። «አንተም ለምደሃል፤ ጉንጭህ ደገኛ ሆኗል። እኔ ቡቃያ አይደለሁም ልጄ። ያረጀ ግንድ ነቅለህ ብትተክለው ቆሞ ይደርቃል።»

ወረደች። አላስቀረኋትም፤ ላስቀራት አልቻልኩም።

ጣሊያን ሲሸነፍ ሲኞሩን ከሌሎቹ ጋር ሰብስበው ወሰዱት። ጣኒካዎቹን ያለ ሰው እንደማልተዋቸው ቃል አስገባኝ፤ ቃሌን እስከቻልኩ ጠበቅሁ። ለኔ ግን መንገዱ ተከፍቷል፣ ጦርነቱ አልቋል፣ ወደ እናቴ የማልመለስበት ምክንያት የለም። ዕቃዬን ሸክፌ፣ እትዬ አስካለን ተሰናብቼ ከሰም ወረድኩ።

እናንተ ወጥታችሁ የቀራችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ፣ እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ግን ስሙኝ። የተወለድኩበት አገር አላወቀኝም። በደረስኩ ማግስት ወባ ጣለኝ። ሙቀቱ ደረቴ ላይ ቆመ፣ የማሽላው እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ተያዘ፣ ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ውሃ ሆዴን አመሰው። እናቴ ሌት ተቀን አስታመመችኝ። ተነስቼ ስቀመጥ እንደገና ይጥለኛል። በመጨረሻ ራሷ አህያ ላይ አስጫነችኝ። «ሂድ» አለችኝ። «ይሄ አገር ካሁን በኋላ ይገድልሃል።» ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ እንዲሁ ተጭኜ ወጣሁ። እሷም ሁለተኛ ልደታን አልሞከረችም።

ስለዚህ በመሐል ቤት ተገናኘን። ሸንኮራ የሚባለው አገር ወይና ደጋ ነው፤ ለሷ ዳገት፣ ለኔ ቁልቁለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከገበያው ዳር አንዲት ሾላ ሥር እንቀጠራለን። ግማሽ ቀን እንቀመጣለን። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ ትነግረኛለች፤ እኔም የልደታን እነግራታለሁ፣ መንገዱ እንደሰፋ፣ ፎቅ እንደተሠራ። ሁለታችንም «መጪው ዓመት አንቺ ትመጫለሽ፣ አንተ ትመጣለህ» አንባባልም ነበር።

በመጨረሻ በተገናኘንበት ጊዜ ሾላዋ ሥር እንደተቀመጥን እኔ አላበኝ፣ ካፖርቴን አወለቅሁ። እሷ በዚያው ጥላ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ደረብኩላት። ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያሲን ጠራት፣ ተነሳች።

«ቆላ ወርደሽ ካፖርት ምን ያደርግልሻል? መልሺልኝ እንጂ» አልኳት።

«ስወርድ አወልቀዋለሁ» አለችኝ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳያት ቆየሁ። ከታች ሜዳው ላይ ሙቀቱ ሲርገበገብ ይታያል። መሐሉ ደረሰች፣ ሜዳው ደረሰች፣ ከያሲን በቅሎዎች ጋር እያነሰች ሄደች። አላወለቀችውም።