ቢሊሴ የመረጠችው ሸክላ

ጎረቤቴ ያሉት ተከራዮች ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ፕላስቲኩንም አብረው ይከምሩታል፤ ስንት ጊዜ ተቆጣሁ፣ አይሰሙም። ያ ጥቁር ጭስ አጥሬን ተሻግሮ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ በርና መስኮቱን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ እግሬ ሳሎኔ ውስጥ ይሁን እንጂ እኔ ያለሁት ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር፣ ኦቦ ለሜሳ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የዘፈን ሸክላ ሲቃጠል እንደዚሁ ይሸታል፤ መጀመሪያ እንደ ሬንጅ፣ እየቆየ እንደ ቀንድ። ሸክላ የተሠራው እንዲሰማ ነው። ሽታውን ማወቅ አልነበረብኝም።

ቤቱን ያወቅኩት ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ስድስተኛ ክፍል የትምህርቴም መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተማርኩትን እዚያ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ ብል አላጋነንኩም። ኦቦ ለሜሳ ያኔ ጎረምሳ ነበር። አስመራ፣ አሜሪካኖች የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ኖሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ልብስና ብርድ ልብስ ይዞ በሚመጣበት ጊዜ፣ እሱ በእንጨት ሣጥን የታጨቀ ሸክላ ይዞ መጣ። አባቱ ሣጥኑን አስከፍተው አይተው «ይህ ይበላል ወይስ ይለበሳል?» አሉት ይባላል። አብዛኛው የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን ነው፤ ሶል ይሉታል፣ ትርጉሙም ነፍስ ማለት ነው ብሎ ነገረን። የመሪጌታ ልጅ የሆነች ጓደኛዬ «ነፍስ ደግሞ ይዘፍናል?» ብላ አማተበች፤ አማተበች እንጂ ተነሥታ አልሄደችም፣ ይልቁንስ አግዳሚው ላይ ጠጋ በይልኝ አለችኝ። በኋላ እሱም ሸበተ፣ እኔም አረጀሁ፤ አንቱ ልለው ብሞክር «አንቱታውን ለሸክላዎቹ ስጪልኝ» ብሎ ስለተቆጣኝ እስከ መጨረሻው አንተ ስለው ኖርኩ።

ያ አግዳሚ ሕግ ነበረው። የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተራ አለው፤ ተራው የደረሰው ሸክላ ይመርጣል፣ የመረጠው ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ ሌላው ወደደም ጠላም አፉን ይዞ ያዳምጣል። እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴት፣ የባለሱቁ የሐጂ ልጅ፣ የመንግሥት መምህር፣ ሁሉም እኩል ነው። አንዱ ኦሮምኛ ያስደርጋል፣ ሌላው አማርኛ፣ ሌላው ያን ማናችንም የማይገባንን እንግሊዝኛ፤ አንድ ጊዜ ግን ገጹ ከተጀመረ አይቋረጥም። አንድ ቀን አንድ የወረዳ ጸሐፊ ክራቫቱን አስሮ ገብቶ ሸክላውን ሊያስነሣ ሲል «ተራው የእንጨት ሻጯ ነው» አልኩት። «አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ። «ከእሷ ቀጥሎ ያለሁት ነኝ» አልኩት፤ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፣ ጸሐፊው ቆሞ ጠበቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦቦ ለሜሳ ስሜን ትቶ «ዳኛዋ» እያለ ይጠራኝ ጀመር።

አዲስ ሰሚ ሲመጣ የሚያደርገውን አሁንም አየዋለሁ። ምን ዓይነት ዘፈን ትወዳለህ ብሎ አይጠይቅም፤ «ማን ናፈቀህ?» ነው የሚለው። እናቱ የናፈቀችው ሰው ሽፋኑ ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ የቆመች ሴት ያለችበት ሸክላ ይሰጠዋል፤ ያፈቀረ እንደሆነ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ አራት ወንዶች ተደርድረው የቆሙበት። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን፣ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠበትን፣ በመጀመሪያ ቀን ለማንም አያሰማም። ወይፈን በመጀመሪያው ቀን ዳገት አይጠመድም ይላል። ያን ሸክላ እኔ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ሰውየው ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማው የሚያለቅስ ሰው ይመስላል፤ እየቆየ ድምፁ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ቋንቋው አይገባኝም የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። የልጅ ልጆቼ ከድሮው ሶል ምን እንስማ ሲሉኝ የምመክራቸውም እሱ እንዳስተማረኝ ነው፤ ከቀላሉ ጀምሩ፣ ገጹን እስኪያልቅ ስሙ፣ ያልወደዳችሁትን ዘፈን አትዝለሉ፣ የሚቀጥለው ዘፈን ትርጉም ያለው በእሱ ነው። ይሰሙኛል፤ ጣታቸው ግን አይታገሥም።

በደርግ ጊዜ ሸክላዎቹን ከገብስ ጆንያ ሥር ቀብሮ አተረፋቸው። ካሴት መጣ፣ ሄደ፤ ሲዲ መጣ፣ ሄደ። በመጨረሻ ለባጃጅ ነጂዎች ዘፈን በፍላሽ እየጫነ ነበር የሚኖረው፤ እሑድ እሑድ ግን ሸክላው ይወጣል፣ አግዳሚው ይሞላል፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስከ ታችኛው ሰፈር ያሰማል። ከሰሚዎቹ የመጨረሻዋ ቢሊሴ ነበረች፤ ከሙዚቃ ቤቱ ጀርባ የምትኖረው የአዴ ጫልቱ አንድ ልጅ። ሆለታ መንገድ ላይ አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራለች፣ እጇ ሁልጊዜ በእሾህ የተጫረ ነው። ኦቦ ለሜሳ እንደ ልማዱ «ማን ናፈቀሽ?» ሲላት «ማንም! እግሬን ነው የሚያመኝ» አለችው። እስኪያስለው ሳቀ፤ ባለ ቢጫ ቀሚሷን ሰጣት። ከዚያ በኋላ እሑድ የቀረችበትን ቀን አላውቅም። ያን ከባዱን ሸክላ ስትለምነው «ገና ነሽ» እያለ ይመልሳታል፣ እሷም «እርጅናና ስስት አንድ ላይ አያምርም ኦቦ» ትለዋለች። በመጨረሻ ተሸነፈ፤ «የሚመጣው እሑድ የመጀመሪያው ተራ ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን ምረጪ» አላት። ባለአንገት ደፊውን መረጠች፤ ከሣጥኑ አውጥታም ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠችው፣ ማንም እንዳይነካባት። ሳምንቱን ሙሉ ለእናቷ ስለዚያ ስታወራ ከረመች።

ያ እሑድ አልደረሰም። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ወሬው ከተነሣ ቆይቶ ነበር፤ አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ እኛም ትሰፋለች፣ ገበሬው ከመሬቱ ይነሣል ተባለ። ባለቤቱን ሳይጠይቁ እርሻውን በወረቀት ላይ መከፋፈል ግፍ ነው፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ወጣቱ አስፋልቱን በድንጋይ ዘጋ፣ ወታደር መጣ። የአበባ እርሻው መኪና ማለፍ አቅቶት ሠራተኞቹን መንገድ ላይ ሲያወርዳቸው ቢሊሴ ከሌሎቹ ጋር በእግሯ ስትመጣ ከሰልፈኛው ጋር ተቀላቀሉ፤ ተኩስ ተከፈተ። የምሳ ዕቃዋ ከእጇ ሳይወድቅ ነው ያመጧት። ማን ተኮሰ ብለን ብንጠይቅ መልስ የሰጠን የለም፤ መጠየቃችን ራሱ እንደ ወንጀል ታየ።

ድንኳን ተጣለ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ገሚሱ ለአድማ፣ ገሚሱ ለሐዘን፣ ገሚሱ ከፍርሃት። ኦቦ ለሜሳም ማጫወቻውን በነጠላ ሸፍኖ ከድንኳኑ ገብቶ ተቀመጠ፤ በእኛ ዘንድ ሐዘን ባለበት ሰፈር የሠርግ ቤት እንኳ ከበሮውን ያወርዳል። ድንኳኑ ሳይፈርስ አንድ የቀበሌ ሰው ታጣቂዎች አስከትሎ መጣና እየዞረ ሱቅ ያስከፍት ጀመር። ሙዚቃ ቤቱ ጋ ሲደርስ ኦቦ ለሜሳን ከድንኳን አስጠራው፤ በአባቱ ዕድሜ የሚሆነውን ሰው አንተ እያለ፣

«ክፈት፤ ድምፁንም ልቀቀው። ከተማው ሰላም መሆኑ ይሰማ» አለው።

«ከጀርባዬ ሐዘን አለ፣ ጌታው።»

«እኛ ሐዘን አላወጅንም።»

ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። «ሐዘን በአዋጅ ሆነ እንዴ? እናትህ ስትሞት ማን አወጀልህ?» አልኩት። «እማማ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ» አለኝ፤ እኔን እንኳ በእርስዎ ነው የገሠጸኝ። ኦቦ ለሜሳን ግን ሁለት ታጣቂዎች ግራና ቀኝ ያዙት። «ወይ ታጫውታለህ፣ ወይ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ» ተባለ፤ በዚያ ሰሞን የሄደ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ አልተንቀሳቀሰም፣ «ውሰዱኝ» ብቻ አለ።

ያን ጊዜ አዴ ጫልቱ ከድንኳኑ ወጣች። ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩ እጃቸውን አራገፈችው። በባዶ እግሯ መጥታ መሐላቸው ቆመችና፣

«ኦቦ ለሜሳ፣ ተራው የልጄ አልነበረም?» አለች።

«የእሷ ነው» አለ።

«እንግዲያው የእሷን ያጫውቱልኝ። በልጄ ሬሳ ላይ ሌላ ሰው አይወሰድብኝም።»

ከፈተ። ነጠላውን አነሣ። ያ ሸክላ ቢሊሴ እንዳስቀመጠችው ከሁሉም በላይ ነበር። ሰውየው በዚያ የተደበቀ ልቅሶ በሚመስል ድምፁ ሲጀምር የቀበሌው ሰው «ይኸው፣ እንዲህ ነው!» አለና በጫማው ጫፍ መሬቱን መምታት ጀመረ። ዘፈን ዘፈን ነው፣ ለእሱ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ዋይታ ተነሣ፤ አልቃሽ አውጥታ የማታውቀውን ያ አገሩን አይተን የማናውቀው ዘፋኝ አወጣልን። ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ ገና ልጅ የሆነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሥራቸው ተሠራላቸውና ሄዱ።

ድምፁ ግን ታችኛው ሰፈር ደርሷል። እዚያ ያሉት ወጣቶች የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቢሊሴ ድንኳን ሳይነሣ፣ ያውም ከደጃፏ፣ ሙዚቃ ቤቱ ዘፈን ከፍቷል። ለሜሳ ተሸጠ አሉ። በሰው ሬሳ ላይ መዝፈን በእኛ አገር ስድብ ብቻ አይደለም፣ ደም ነው። ድንጋይና ጋዝ ይዘው እየሮጡ ሲመጡ በሩ ላይ ቆምኩ። «ቁሙ! ራሷ የመረጠችው ነው! እናቷን ጠይቁ!» እያልኩ ጮህኩ። አንዱ ረጅም ልጅ ወገቤን ይዞ እንደ ሕፃን አነሣኝና ማዶ አስቀመጠኝ፤ በቀስታ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። «እማማ፣ ለእሷ ብለን ነው» አለኝ። አዴ ጫልቱ ጮኸች፣ ኦቦ ለሜሳ ሸክላዎቹን ሊያወጣ ሲገባ ጎትተው አስቀሩት። ጣሪያው ሲያያዝ ሰውየው ገና እየዘፈነ ነበር። በዚያ ቤት ተጀምሮ ያላለቀ ገጽ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጋ ሄድኩ፣ ቀበሌ ሄድኩ፣ ሽማግሌዎች ጋ ሄድኩ። ፖሊስ የታችኛው ሰፈር ልጆችን ስም ስጪ አለኝ፤ የቢሊሴን ገዳይ ስም መጀመሪያ ስጡኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ በግርግር የጠፋ ነገር አይጠየቅም አሉ። ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ ተብሎ ሰው እልል ሲል እኔ እልልታው ከአፌ አልወጣ አለ። ኦቦ ለሜሳ ሱሉልታ ወንድሙ ጋ ገባ። ልጠይቀው ስሄድ ስለ ሁሉም ነገር ያወራኛል፤ ስለ በጉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንድሙ ሚስት ጨዋማ ወጥ፤ ስለ ሙዚቃ አንድም ቃል አይተነፍስም። በተከታዩ ክረምት ሞተ። አዴ ጫልቱ ደግሞ «አጫውቱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቤቱንም ኦቦ ለሜሳንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» የሚል ነገር ይዟታል። አይደለሽም ብዬ ምያለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁ። የእኔን ቃል እንደ ማጽናኛ ነው የምትቆጥረው።

አምና አንድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ነጂው በመስታወቱ አየኝ፣ ደግሞ አየኝ፣ ከዚያ ዳር ይዞ አቆመ። ጢም አውጥቷል፣ ቁመቱ ግን ያው ነው።

«እማማ አስካለ፣ ያን ቀን ይዘፈን የነበረው ምን ነበር? ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።»

ዝም ልለው እችል ነበር። ነገርኩት። በስልኩ ፈልጎ አገኘው፤ ለዚያ ሁሉ ዓመት የጠፋው ነገር በአንድ አፍታ መጣ። ሁለታችንም ሳንተያይ፣ መኪናው ከጎናችን እየጮኸ፣ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሲያልቅ መሪውን እንደጨበጠ፣

«ይህማ ልቅሶ ነው» አለ። «ለምን አልነገራችሁንም?»

«ነግሬህ ነበር። ተሸክመህ አስቀመጥከኝ።»

ከዚያ አዴ ጫልቱ በሕይወት እንዳለች፣ የእሳቱን ጥፋት በራሷ ላይ እንደጫነች፣ ከእኔ የማትቀበለውን ከእሱ አፍ ብትሰማው ግን ልታምን እንደምትችል ነገርኩት። «እሄዳለሁ» አለ። ያኔውኑ እስከ በሯ ወሰደኝ፤ እኔ ወረድኩ፣ እሱ መውረድ አቃተው። እኔም አልጎተትኩትም፤ ተጎትቶ የመጣ ቃል ለእሷ ምን ያደርጋል።

ሙዚቃ ዛሬ በየሰው ኪስ ሞልቷል፤ የዚያ ሣጥን ሸክላ በሙሉ፣ ከነሽፋኑ ሥዕል፣ ስልክ ውስጥ አለ ይሉኛል። እንግዲህ የጠፋው ዘፈኑ አይደለም። አዴ ጫልቱ ዓይኗ እየደከመ፣ ጆሮዋም እየከበደ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሯ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያች ባጃጅ በየቀኑ ታልፋለች። በሯ ፊት ስትደርስ ቀስ ትላለች፤ ከዚያ ፍጥነቷን ጨምራ ትሄዳለች።