አምስት ጣት ለቦራው

ልጅ እያለሁ፣ የአባቴ ዓይን እየደከመ መምጣቱን ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነው፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ ስለሌለ በትክክል አላውቀውም። አባቴ ከሸኖ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ፈረስ በማወቅ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ዓይኑን ጉም የመሰለ ነገር ሲጋርደው ለእናቴ እንኳን አልተናገረም። እኔ ያወቅኩት፣ ጓሮ ቆመን አጥር ላይ የተሰጣውን ነጠላ «ያቺ የቆመችው ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። ነጠላ መሆኑን ስነግረው «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። አልተናገርኩም።

ይህ ሁሉ ሰሞኑን ተመልሶ የመጣብኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። እዚህ ሲያትል፣ ቢከን ሂል ላይ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት እሠራለሁ። ከማግዛቸው ሰዎች አንዱ ሚስተር ሮይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። በቀደም ከቁርስ በኋላ ታብሌቱን አቀበሉኝና፣ ከአንድ ትልቅ የፈረስ ውድድር በፊት የሁለት ዓመት ፈረሶች እየተመሩ ሲዞሩ የሚያሳየውን ቪዲዮ ክፈቺልኝ አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉና «እኔ አላይም፤ አረማመዳቸውን ንገሪኝ። የኋላ እግሩ የፊቱን አልፎ የሚያርፈው የቱ ነው?» አሉኝ። ይህን ከዚህ በፊት የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በእኛ አገር በጥምቀት ማግስት ትልቅ የፈረስ ሽቅድምድም ነበር። አጥቢያችን ሁለት ዓመት ከሞላቸው ውርንጭሎች አንዱን ለከርሞው ይመርጣል። የተመረጠው ጭነት አይነካውም፤ ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዱ ቤት በተራ ገብስ ያበላዋል። ያልተመረጠው ግን ዕጣው ሌላ ነው። ለጋሪ የሚገዛው ነጋዴ በሳምንቱ ይመጣል። ጋሪ የገባ ፈረስ ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ይህን እኛ ልጆቹም እናውቀው ነበር።

መራጩ አባቴ ነው። ጥርሱን፣ ደረቱን፣ ጉልበቱንና ሰኮናውን በእጁ ይዳብሳል፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልገውም። የመጨረሻው ፈተና ግን ጭቃው ነው። ውርንጭላው በወንዙ ዳር ባለው እርጥብ መሬት ላይ እየተመራ ያልፋል፤ የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ በስንት ጣት አልፎ እንዳረፈ ይታያል። የረገጠው ቦታ ወዲያው ውኃ ስለሚሞላው ቶሎ ማየት ነው። መራጩ ፍርዱን እስኪሰጥ አይናገርም፤ ማንም አያናግረውም። ስለዚህ እኔና አባቴ አንድ ዘዴ ነበረን። እጄን ይዞኝ ይቆማል፤ ባየሁት ልክ፣ ለአንድ ጣት አንድ ጊዜ፣ መዳፉን እጫነዋለሁ። ሰዉ፣ ልጁን ስለሚወድ የያዘኝ ይመስለው ነበር። እሱም ልክ ነው፤ ይወደኝ ነበር።

ያን ዓመት ሁለት ውርንጭሎች ቀሩ። አንደኛው የጋሽ ታደሰ ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል። ሁለተኛው የእትዬ አስካለ ዳማ፣ መላ ሰውነቱ ቀይ ቡናማ። እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያላቸው ያ ዳማና እናቱ ባዝራዋ ብቻ ነበሩ። እኔ እሳቸውን አልወዳቸውም ነበር። ከማሳቸው የባቄላ እሸት ስቀጥፍ ይዘውኝ እግሬን በልምጭ ገርፈውኛል። እሸቱን የምቀጥፈው ደግሞ ለቦራው ነበር። አጥር ላይ አንገቱን አሻግሮ ከእጄ ሲበላ የከንፈሩ ሙቀት፣ የትንፋሹ ሽታ፣ አረንጓዴ ለሃጩ መዳፌ ላይ ሲቀር ዛሬም ይታወሰኛል።

ጠዋቱ ውርጭ ነበረው። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ዳሩን ቆሟል። አንዱ ቀልደኛ ጎልማሳ እኔን አይቶ «ይቺ ደግሞ መቼ ተሾመች? ለእሷም ገብስ እናዋጣ እንዴ?» አለ፤ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ እጁ ብቻ ጠበቅ አለብኝ።

መጀመሪያ ቦራው አለፈ። አራት ጣት አየሁ፤ ወይም አምስት። አምስት ጊዜ ተጫንኩ። ቀጥሎ ዳማው መጣ። በዚያች ቅጽበት ቀና ስል እትዬ አስካለ ከማዶ ቆመው እኔን እያዩኝ ነው። አባቴን አይደለም፤ ውርንጭላቸውንም አይደለም፤ እኔን። ምናልባት ምስጢራችንን አውቀው ነበር፤ ምናልባት እንዲሁ እያዩኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እንደገና ስመለከት ዳማው አልፏል፣ ዱካው ውኃ እየሞላ ነው። አባቴ እጄን እንደያዘ ይጠብቀኛል። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ።

ሦስቱን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። በጨረፍታ አይቼ ይሆን? ፈርቼ ይሆን? ልምጩን አስታውሼ ይሆን? ወይስ ቦራው ጋሪ እንዳይገባ ብዬ? ሁሉንም በየተራ አምኜ አውቃለሁ።

አባቴ ወዲያው አልፈረደም። ወደ ዳማው ተመልሶ የፊት ጉልበቱን ዳበሰ፤ እጁ እዚያ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ከመሬት ሣር ነጭቶ በቦራው ጋማ ላይ ሰካ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው የዳማውን አንገት መታ መታ አደረጉና «ፈረስ አዋቂው ካለ ምን ይባላል። ና እንሂድ፣ የኔ ጌታ» አሉት። በልምጭ የገረፉኝ ሴትዮ እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አባቴ ጠየቀኝ።

«ለቦራው አምስት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ለዳማው ሦስት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ይሁን» አለ። ከዚያ ጥቂት እንደሄድን «ዓይኔ አንቺ ነሽ። እጄ ግን የራሴ ነው» አለኝ። እጁ ምን እንደነገረው አልነገረኝም። ከእኔ ጋር ተስማምቶ ይሁን፣ እጁን ትቶ እኔን አምኖ ይሁን፣ አልገባኝም። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሮጬ ወደ ጭቃው ተመለስኩ። ዱካዎቹ ሁሉ ውኃ ሞልተው ሰማይ ያሳያሉ።

በሳምንቱ ነጋዴው ዳማውን ወሰደው። በዓመቱ ጥምቀት ቦራው ሮጠ፤ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ይመራ ነበር፣ ከዚያ ሁለት ፈረሶች አለፉት። ሦስተኛ ወጣ። ሰው አመሰገነውም አልወቀሰውም። አሸንፎ ቢሆን እፎይ እል ነበር፤ ወድቆ ቢሆን ጥፋቴን አውቀው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ደግሞ ሸኖ ላይ ዳማውን ሲሚንቶ ጭኖ ዳገት ሲወጣ አየሁት። አቧራው ላይ ጎንበስ ብዬ ዱካውን ለካሁ። የኋላው ከፊቱ አልደረሰም። ደስ ሊለኝ ነበር፤ ከዚያ የተጫነ ፈረስ እርምጃው እንደሚያጥር አባቴ የነገረኝ ትዝ አለኝ። እንደቆምኩ ጋሪው ራቀ።

እኔም ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ አባቴ ያለ እኔ የትም መሄድ አልቻለምና። ዓመታት አብረን በየሜዳው ዞርን። እጄን በያዘኝ ቁጥር የዳማውን ዱካ እንዳላየሁ ልነግረው እፈልግና ያለፈውን ሁሉ የሚያፈርስብኝ ይመስለኝ ነበር። ሳልነግረው አረፈ።

ልጄ ሄርሜላ ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሩን ቆልፌ ተመልሼ አያለሁ፣ የሽማግሎቹን መድኃኒት አንብቤ መልሼ አነባለሁ፣ እሷን መኪና ውስጥ ቀበቶ አሰርሽ ወይ ብዬ ቀበቶውን ራሴ እስበዋለሁ። «ማሚ፣ ሦስቴ ቼክ አደረግሽው እኮ፤ ኢትስ ኦኬ» ትለኛለች። ተፈጥሮዬ ነው ትላለች። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ሳስብ ያ ጭቃ ይመጣብኛል።

በቀደም ታብሌቱ ላይ ፈረሶቹ ሁለት ሁለት ሆነው አለፉ። ከመካከላቸው አንዱ ግንባሩ ነጭ ነበር። ልቤ ወዲያው ወደ እሱ ሄደ፤ እግሩንም ሳላይ «እሱ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። የሚስተር ሮይ እጅ እጄ ላይ ይጠብቃል። የአባቴን ያህል ከባድ ነው።

«ሚስተር ሮይ፣ አላየሁም» አልኳቸው። «ፊቱን እያየሁ እግሩ አመለጠኝ።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ? ወደኋላ መልሺዋ» አሉኝ።

መለስኩት። እንደገና መለስኩት። በአራተኛውም ጊዜ ከጎኑ የሚሄደው ዳማ መሳይ ይሻል እንደሆነ፣ ባለ ነጭ ግንባሩ ይሻል እንደሆነ ተምታታብኝ፤ ይህንንም ነገርኳቸው። በእኛ ጊዜ ጭቃው አንዴ ካሳየ አይደግምም ነበር፤ ዛሬ በጣት ነክቶ መመለስ ይቻላል እያልኩ ስገረም ድንገት ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያን ጠዋትም እኮ ዳማው ሩቅ አልሄደም ነበር። የአባቴን እጅ ሳልጫን ብቀር ኖሮ እንዳላየሁ ይገባው ነበር፤ በእጁ ምልክት «መልሳችሁ ምሩት» ይላቸው ነበር። ለዐሥር እርምጃ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለም ራሳቸው እየሳቡ ያመጡት ነበር።

ይህን ለማሰብ እንዴት ይህን ያህል ዘመን እንደፈጀብኝ አላውቅም። ሚስተር ሮይ «አሁንስ?» አሉኝ። «ገና ነኝ» አልኳቸውና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው መለስኩት። እጃቸው እጄ ላይ እንዳለ ነው፤ እኔም ጣቴን ሳላንቀሳቅስ የፈረሶቹን እግር ብቻ ማየት ጀመርኩ።