ጎማ የሌላት ሚኒባስ

ዘሊካ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የምታደርገው ጣሪያ መወልወል ነው። ፍራሿ ላይ ተንበርክካ የምታድርባትን አሮጌ ሚኒባስ ጣሪያና መስኮት በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ጨርቁን በሩ ሥር ባለ ጣሳ ትጨምቃለች። ውሃው የራሷ ትንፋሽ ነው። በታኅሣሥ የመካነ ሰላም ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ስትተነፍስ ያደረችው እዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ብርድ ልብሷ ላይ ይንጠባጠባል።

ሚኒባሷ ጎማ የላትም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ያለችው በዘሊካ ታናሽ ወንድም በአበጋዝ ግቢ ነው። ቤቱ የተሠራው ዘሊካ ከሳዑዲ በላከችው ገንዘብ ቢሆንም ካርታው የወጣው በእሱ ስም ነው። ስትመለስ ማድ ቤቱን ለቀቁላት። «ባሠራሁት ቤት ማድ ቤት አልተኛም» ብላ ሚኒባሷ ውስጥ ገባች፤ ለሽማግሌም ነገረች። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከግቢው ከወጣች ነገሩ ያበቃል፤ ቤቱም ለእሱ ይቀራል። ይህን አበጋዝም ያውቃል። ብርዱ እንዲያስወጣት እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳተችው ራሷ ናት። እንደ እንጨት ቤት ቆጥራት በጭድ የተቦካ ጭቃ ውስጧን መረገች፤ ንፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነች። ብረት ግን እርጥበት አይጠጣም። ጭቃው እየተገመሰ ወደቀ፤ ፍራሹ ሻገተ። ሁሉንም ፍቃ አወጣች። ጣሪያውን በካርቶን አለበሰች፤ ካርቶኑ እስከ በሩ አልደረሰላትም፤ አሁን የምትወለውለው ያን ባዶ የቀረ ብረትና መስኮቶቹን ነው። ፍራሹን በአጣና ከወለሉ አነሳች፤ ከሥሩ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፈች። መስኮቶቹን በግራም በቀኝም ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍታ መተኛት ጀመረች። ብርዱ ባሰባት፤ ፍራሹ ግን ደረቀ።

«መኪናሽ ዛሬም አለቀሰችልሽ?» ትላታለች የአበጋዝ ሚስት ኡምኩልሱም፣ ጣሳውን ስትደፋ ባየቻት ቁጥር።

«እናንተ ካላለቀሳችሁልኝ እሷ ታልቅስልኝ እንጂ።»

«መቼም አትነቃነቅ፤ ተሳፍረሽባት ልታረጂ ነው።»

«ረዳት ካስፈለገኝ አንቺን እጠራለሁ።»

ባለፈው ዓርብ ከመስጊድ ስትመለስ መስኮቶቹ ከውጭ በጭቃ ተለስነው አገኘች። አበጋዝ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ብርድ እንዳይገባብሽ ብየ ነው፣ እታለም።»

«ውስጥ ከሰል እንደማነድ አታውቅም?»

«አንድደሽ አትተኚ።»

«እሺ፤ አልተኛም። አላህ ግን አይቶሃል።»

ጭቃውን አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ከሰሉን ውጭ ታነዳለች፤ ያላትን ልብስ ሁሉ ደርባ በሩን ከፍታ ትተኛለች። ጠዋት ጫማዋ ላይ ውርጭ ታገኛለች።

መስኮቶቹ በተለሰኑ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ወደሆኑት ሼህ ሙሐሲን ሄዳ ለሽምግልናው የት እንደሚቀመጡ ጠየቀች።

«ሳሎኑ ነዋ» አሏት።

«ሳሎኑማ የተጣላንበት ነው። እኔ ዘንድ ይቀመጡልኝ፣ ሼሁ። በሩ ይዘጋ፤ ነገሩ እስኪያልቅም ማንም አይክፈተው።»

ሼሁም ጠየቁ። «መስኮቱስ?»

«መስኮቱን አበጋዝ ዘግቶታል።»

«ይሁን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ይቀመጣሉ። ዘሊካ ለአበጋዝ የለየችለት ቦታ በሩ አጠገብ፣ ካርቶን ካልደረሰበት፣ ከሚያንጠባጥበው ጣሪያ ሥር ነው።